ማሽን ፊደል ሲቆጥር

«አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ» የሚባለው ነገር የማይነሳበት ቡና ቤት ጠፍቷል። አማርኛው «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ተብሎለታል፤ አስተውሎቱ ቀስ ብሎ ይደርሳል እንጂ ስሙስ ደርሷል። አብዛኛው ሰው ታዲያ ነገሩ በኖቬምበር 2022 ቻትጂፒቲ የተለቀቀ ዕለት ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስለዋል። (በዚህ ጽሑፍ ዘመኖቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማነሳቸው፤ ያለበለዚያ ስንደምርና ስንቀንስ ሊመሽብን ነው።) እኛ አገር ግን ማሽን ፊደል መቁጠር የጀመረው ከዚያ ሩብ ምዕተ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ያስቆጠሩት ደግሞ የቤተ መጻሕፍት ሰዎች ናቸው።

በ1990 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «የአፍሪካ የኢንፎርሜሽን ጥናት ትምህርት ቤት» የሚባል ተከፈተ። በእንግሊዝኛው ምኅጻረ ቃል «ሲሳ» ይሉታል። ሥራው ለቤተ መጻሕፍትና ለመረጃ ማዕከላት ባለሙያ ማሠልጠን ነበር። ተማሪዎቹ ፊት አንድ ችግር ተደቅኖ ይጠብቃቸዋል። ወመዘክር በ1944 ከተከፈተ ጀምሮ የተከማቸው መጽሐፍ፣ ጋዜጣና ደብዳቤ ሁሉ ወረቀት ነው። ወረቀቱን በስካነር ወደ ኮምፒውተር ማስገባት ይቻላል፤ የሚገባው ግን ሥዕል ነው። ኮምፒውተሩ የገጹን ፎቶግራፍ ታቅፎ ይቀመጣል እንጂ «ቡታጅራ የሚለው ቃል የትኛው ገጽ ላይ አለ?» ቢሉት መልስ የለውም። ፎቶግራፉ ተመልሶ ጽሑፍ እንዲሆን ማሽኑ ፊደል ማወቅ አለበት።

በ1997 ወርቁ ዓለሙ የተባለ የሲሳ ተማሪ የማስተርስ ጽሑፉን በዚህ ላይ ሠራ። የታተመ አማርኛን በማሽን ስለማንበብ የሚጽፉ ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ ድረስ ታሪኩን ሲጀምሩ እሱን ይጠቅሳሉ። ሥራው ቀላል አልነበረም። የእንግሊዝኛው ማሽን ሃያ ስድስት ፊደል በትልቁና በትንሹ ቢማር ይበቃዋል። የእኛው ከሁለት መቶ ሠላሳ በላይ ነው፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። በ«ተ» እና በ«ቸ»፣ በ«ነ» እና በ«ኘ» መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ራስ ላይ ጣል የተደረገች አንዲት ሰረዝ ናት። ቀለም ሲደበዝዝ መጀመሪያ የምትጠፋውም እሷው ናት።

ከወርቁ በኋላ ሥራው እንደ ዱላ ቅብብል ሆነ። በ1999 አንድ ተማሪ በታይፕ የተመታ ጽሑፍ ላይ ሠራ። በ2000 ሌላው የእጅ ጽሑፍን ያዘና በባንክ ቼክ ላይ ሞከረው። ሚሊዮን መሸሻ በሲሳ የጀመረውን ወደ ሕንድ ሃይደራባድ ይዞ ሄዶ በ2008 ዶክትሬቱን ጨረሰበት። ያረጋል አሳቢ በስዊድኑ የሃልምስታድ ዩኒቨርሲቲ የፊደሎቻችንን ሰረዝና ቋሚ የሚለይበት ሌላ ዘዴ ይዞ ብቅ አለ። በ2019 ብርሃኑ በላይና ባልደረቦቹ ከ330 ሺህ በላይ የአማርኛ የጽሑፍ መስመር ምስሎችን አሰባስበው ለማንም ተመራማሪ ክፍት አደረጉ። በ2023 ደግሞ ከ18ኛው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን በእጅ ከተጻፉ 1,700 ገደማ ገጾች የተወሰዱ 80 ሺህ ያህል መስመሮች ተጨመሩ።

እነዚህ ቁጥሮች ምንድን ናቸው? ከእያንዳንዱ የመስመር ምስል ጎን «እዚህ ላይ የተጻፈው ይህ ነው» የሚል ትክክለኛ ጽሑፍ ተቀምጧል። ማሽኑ ይገምታል፣ ከትክክለኛው ጋር ይተያያል፣ ሲሳሳት ይታረማል፣ እንደገና ይገምታል። የኔታ በአለንጋ «ድገም!» እንደሚሉት መሆኑ ነው። ልዩነቱ የቆሎ ተማሪ በወራት የሚይዘውን ማሽኑ ለመያዝ ብዙ ሺህ ምሳሌ መፈለጉ ነው። ምሳሌውን የሚያዘጋጅለት ሰው ከሌለ ማሽኑ ደንቆሮ ነው። ይህችን ነገር እንያዛት፤ ወልቂጤ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

*

መጀመሪያ ግን ወደ ቡታጅራ።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቡታጅራ ከ2023 ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። በዓለም የጤና ምሁራን ዘንድ የምትታወቀው ግን ከዚያ ብዙ ቀድሞ፣ በአንድ መዝገብ ነው። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሰዎች ከስዊድኑ የኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የከተማ ቀበሌ ቆጠራ አካሄዱ። ከዚያ በኋላ መዝጋቢዎች ደብተር ይዘው ቤት ለቤት ይዞሩ ጀመር። ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን አገባ? ማን ለቆ ሄደ? ማንስ መጣ? የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮግራም የሚባለው ይህ ነው። በአገራችን እንዲህ በተከታታይ ለረጅም ዓመታት የተያዘ የሕዝብ መዝገብ እጅግ ጥቂት ነው።

በ2002 አንድ የሲሳ ተማሪ ይህንን መዝገብ ወሰደና ለማሽን ሰጠው። ጥያቄው የሚዘገንን ጥያቄ ነበር፦ የትኞቹ ሕፃናት ናቸው ለሞት የሚቀርቡት? «ኒውራል ኔትዎርክ» እና «የውሳኔ ዛፍ» በሚባሉ ዘዴዎች ማሽኑ የአሥራ ምናምን ዓመት ልደትና ሞት አገላብጦ ምልክቱን እንዲለይ ተደረገ። ዛሬ በየስብሰባው «ኤ.አይ.» እየተባለ የሚወራለት ነገር መሆኑ ነው። ልብ በሉ፣ በ2002 ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ገና አልተፀነሰም ነበር፤ ጉብሬ ላይ ሥራ የጀመረው ከአሥር ዓመት በኋላ በ2012 ነው። እናማ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጉራጌን ምድር የረገጠው ከዩኒቨርሲቲው ቀድሞ፣ ለዚያውም በላይብረሪያኖች ትምህርት ቤት በኩል ነው ማለት ነው።

የቡታጅራው ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል። አንደኛው፣ ማሽኑ ያወቀው ነገር ሁሉ መዝጋቢው በጭቃ እየተንሸራተተ በር አንኳኩቶ የጻፈው ነው። ያልተንኳኳ ቤት ማሽኑ ዘንድ አልተወለደበትም፣ አልተሞተበትምም። ሁለተኛው ትንሽ ይቆረቁራል። ከዚያ መዝገብ ብዙ የዶክትሬት መጽሐፍና ብዙ የጆርናል ጽሑፍ ወጥቷል። አብዛኛው የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። የልጇን ሞት ለመዝጋቢው የተናገረች እናት ቃሏ የት እንደደረሰ ሄዳ የምታይበት መደርደሪያ የት ነው? ልጆቿስ አድገው ቡታጅራ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ገብተው «ስለ እኛ የተጻፈውን አምጡልን» ቢሉ ምን ይሰጣቸዋል? መረጃ ከመንደር ወደ ዓለም የሚወጣበት መንገድ አስፋልት ነው። የሚመለስበት ግን እስካሁን የእግር መንገድ ነው።

*

አሁን ወልቂጤ እንግባ።

ጉራጌ ስለ ራሱ የተጻፈ አጥቶ አያውቅም። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ የጉራጌን ሕዝብ ከእንሰት ባህሉ ጋር ያጠናበትን መጽሐፍ በ1966 አሳተመ። ቮልፍ ሌስላው ዕድሜውን ሙሉ (መቶ ዓመት ነው የኖረው!) የኢትዮጵያን ቋንቋዎች ሲያጠና ኖሮ በ1979 የጉራጊኛን መዝገበ ቃላት በሦስት ጥራዝ አወጣ። በዚያ ውስጥ ቸሃው፣ እዣው፣ እነሞሩ፣ ሙኽሩ፣ መስቃኑ፣ ሶዶው እያለ አሥራ ሁለት አነጋገር ለየብቻ ዘርዝሯል። ከእነዚህ ውስጥ ስልጤ በ2001 ሕዝበ ውሳኔ ራሱን የቻለ ሕዝብ መሆኑን አረጋግጧል፤ መዝገበ ቃላቱ ግን እንደ ታተመ አለ። የጉራጌው ልጅ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ደግሞ በቸሃ ቋንቋ ስለ አንድ መንደር ልብ ወለድ ጻፈ። ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰውና በ1964 «የሺነጋ መንደር» በሚል ርዕስ ካሊፎርኒያ ታተመ። ጉራጊኛ በልብ ወለድ ለዓለም ሰላምታ ያቀረበው በእንግሊዝኛ አፍ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለምን በራሱ አፍ አልቀጠለም? ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ትምህርት ቤቱ አለ፣ ገበያው አለ፣ የመንግሥት ቋንቋ ጉዳይ አለ። ከምክንያቶቹ አንዷ ግን እዚህ ግባ የማትባል የምትመስል፣ ለማሽን ግን የሞትና የሽረት ጉዳይ የሆነች ናት፦ ፊደል።

ጉራጊኛ በአማርኛ ፊደል ሙሉ በሙሉ የማይጻፉ ድምፆች አሉት። ኮምፒውተር ደግሞ ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። ዩኒኮድ የሚባል ዓለም አቀፍ መዝገብ አለ፤ ለእያንዳንዱ የዓለም ፊደል መታወቂያ ቁጥር ይሰጣል። የእኛ ፊደል እዚያ መዝገብ ላይ የሰፈረው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአገር ቤት ሶፍትዌር የተጻፈው አብዛኛው ሰነድ ውስጡ ሲገባ የላቲን ፊደል ነበር፤ ፎንቱ ሲነሳ ወደ ትርጉም የለሽ ምልክት ይለወጣል። በየመሥሪያ ቤቱ ዲስክ ላይ የቀረ ስንት ቃለ ጉባኤና ጥናት ዛሬ የማይነበበው በዚህ ምክንያት ነው። የሰባት ቤት ጉራጌ ድምፆችን የሚጽፉ ፊደላት በዩኒኮድ የተጨመሩት ግን በ2005 ነው፤ «ተጨማሪ» በሚባለው ክፍል ብቻ 16 ገቡ። አዲሱን የጉራጊኛ አጻጻፍ ለማሟላት የቀሩት 28 ፊደላት ቁጥር ያገኙት ደግሞ በ2021 ነው። በ2021! ቻትጂፒቲ ሊለቀቅ አንድ ዓመት ከምናምን ሲቀረው ማለት ነው።

ቁጥር የሌለው ፊደል ምን ይሆናል? ጸሐፊው በሚቀርበው የአማርኛ ፊደል ይተካዋል። አንዱ በዚህ፣ ሌላው በዚያ ይተካል። ቃሉ አንድ ሆኖ ሳለ በካታሎግ ውስጥ ሦስት አራት ቃል ይሆናል፤ ሲፈልጉት አይገኝም። እንሰትን እንኳ ብንወስድ ቸሃው «ኧሰት» ነው የሚለው። «እንሰት» ብሎ የፈለገ አንባቢ «ኧሰት» ብሎ የጻፈውን ሽማግሌ አያገኘውም፤ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ለማሽኑ የነገረው ሰው ከሌለ። ቁጥር ማግኘትም የነገሩ መጨረሻ አይደለም። በተለመደው አቀማመጥ የእንግሊዝኛ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ አንድ ባይት ሲወስድ የአማርኛው ሦስት፣ በ2021 የገቡት የጉራጊኛዎቹ አራት ይወስዳሉ። ጽሑፍ እየከታተፉ የሚማሩት የዛሬ ማሽኖች ደግሞ ብዙ ያዩትን ቋንቋ በቃል በቃሉ ይጎርሱታል፤ ያላዩትን ፍርፋሪ ያደርጉታል። ጎግል በትርጉም አገልግሎቱ አማርኛን በ2016፣ ኦሮምኛንና ትግርኛን በ2022 ሲጨምር ጉራጊኛ በዝርዝሩ ውስጥ አልነበረም።

*

«ታዲያ ምን ይጎዳል?» የሚል አይጠፋም። «የጉብሬ ተማሪ ፈተናውን የሚወስደው በእንግሊዝኛ፣ ወሬውን የሚያወራው በአማርኛ፤ ማሽኑም ሁለቱን ይችላል።» ክርክሩ ቀላል ክርክር አይደለም። መጽሐፍ ባነሰበት አገር አንድ ተማሪ በስልኩ ፊዚክስ የሚያስረዳው ነገር ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በጃንዋሪ 2022 የተከፈተውን አብርሆትን የሚያህል ቤተ መጻሕፍት በየዞኑ እስኪሠራ ድረስ ተማሪው አርፎ ይቀመጥ ማለት ግፍ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ተማሪው ስለ ራሱ የጠየቀ ዕለት ነው። ስለ ጆካ ሸንጎ፣ ስለ ቅጫ፣ ወይም ክስታኔው ስለሚዳኝበት ጎርዳና ሴራ ጠየቀ እንበል። ማሽኑ «አላውቅም» ማለት አይወድም። ሻክ በ1950ዎቹ መጨረሻ ቸሃ ውስጥ ያየውን የሁሉም ጉራጌ፣ የሁልጊዜ ሥርዓት አድርጎ ሊያቀርብለት ይችላል። የወልቂጤውን ለቡታጅራው፣ የሰባት ቤቱን ለመስቃኑ ይሰጣል። ክፍተት ሲያጋጥመው ደግሞ ከራሱ ይሞላል። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ማሽኑ የፈጠረላቸውን፣ በዓለም ላይ የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት አቅርበው 5,000 ዶላር መቀጮ ተጥሎባቸዋል። ዳኛው መዝገቡን ማየት ስለቻሉ ነው የተያዙት። በጆካ ጉዳይ ተማሪው የሚያመሳክርበት መዝገብ ከሌለ ማን ይይዘዋል?

ሣህለ ሥላሴ «አፈርሳታ» የሚል ሌላ ልብ ወለድ አለው፤ ታሪኩ በአንድ የጉራጌ መንደር የሚካሄድ ነው። አፈርሳታ አማርኛው አውጫጭኝ የሚለው ነው። ቤት ሲቃጠል፣ ንብረት ሲጠፋ አገሬው ተሰብስቦ ይቀመጣል፤ ሰው ሁሉ እየተነሳ ያየውን፣ የሰማውን፣ ከማን እንደሰማው ይናገራል። አድካሚ ነው፤ ቀን ይበላል፤ አንዳንዴም ጥፋተኛው ሳይገኝ ይበተናል። ግን «ከማን ሰማህ?» የሚለው ጥያቄ መቼም አይቀርም። ቤተ መጻሕፍትም ሲታሰብ የተረጋጋ አውጫጭኝ ነው። ካታሎግ ካርዱ ላይ ደራሲው፣ ዘመኑ፣ ያሳተመው፣ የታተመበት ከተማ የሚጻፈው ምስክሩ እንዲታወቅ ነው። የላይብረሪያን ሙያ ከማሽኑ መምጣት በኋላ የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው፦ መልሱን ለማግኘት ከሚፈጀው ጊዜ ይልቅ የመልሱን ምስክር ለማግኘት የሚፈጀው እየበለጠ ይሄዳል።

*

ምን ይደረግ? የጉራጌ ሕዝብ ለዚህ ጥያቄ ከማንም መልስ መበደር የለበትም፤ ራሱ አንድ ጊዜ መልሶታል። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አገሩ የሚያስገባው መንገድ ሲጠፋ አዲስ አበባ ያለው ነጋዴ፣ ሊስትሮው፣ ሸቃዩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው የመንገድ ሥራ ድርጅት አቋቁሞ ከገቢው አዋጣ። «መንገዱ ይመጣል» ብሎ አልተቀመጠም። ዛሬ ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ በመኪና የሚንፈላሰስ ሰው የዚያን መዋጮ ውለታ ይረግጣል።

ጽሑፉም እንደዚያው መንገድ ይፈልጋል፤ ወጪው ደግሞ ያንን ያህል አይሆንም። በየቤቱ በአሮጌ ፎንት የተቀመጠውን ወደ ዩኒኮድ መመለስ፤ የሽማግሌውን ቃል ስሙን፣ መንደሩንና ቀኑን ጽፎ በድምፅ መቅዳት፤ የእንሰት ዓይነቶችን ስም ከሚያውቋቸው እናቶች መልቀም፤ ሙኽሩን ሙኽር፣ መስቃኑን መስቃን ብሎ ለየብቻ መመዝገብ። ሌስላው ከኮምፒውተር በፊት ለየብቻ ያስቀመጣቸውን ማሽን መልሶ ቢቀላቅላቸው ያሳፍራል። የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅም አይረሳ፤ የቅጂ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/2004) እንኳ ደራሲ ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። ወልቂጤ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ቡታጅራ ላይ የመዝገብ ልምድ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ ማስተማሩን የሚያውቁ ሰዎች አሉ። ያልተዋጣው መዋጮው ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ ሲኬድ፣ መንገድ ላይ፣ ሶዶ ውስጥ ጢያ ትገኛለች። በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ 36 ትክል ድንጋዮች ቆመውባታል። ሰይፉ በግልጽ ይታያል። ሌሎቹ ምልክቶች ግን ምን ማለት እንደሆኑ ሊቃውንቱ አንድ ቃል ሊሆኑ አልቻሉም። የጠረበው ሰው ለማን እንደጻፈ ያውቅ ነበር፤ ያነበበውም ሰው ነበር። ድንጋዩ አልጠፋም። በምርጥ ካሜራ ፎቶ ሊነሳ፣ በምርጥ ማሽን ሊመረመር ይችላል። ማሽኑን «እዚህ ላይ የተጻፈው ይህ ነው» የሚለው ሰው ግን የለም።

ወልቂጤና ቡታጅራ ላይ ያ ሰው ገና በሕይወት አለ። ቡናውን አፍልቶ በሩ ላይ ተቀምጧል። ደብተር ይዞ የሚያንኳኳ ነው የጠፋው።